ፊት ገጹ ላይ የቀረው ኢሜይል

ጥያቄው፦ «ከ12 ዓመት በፊት የማስተርስ ጥናቴን ሳስገባ ፊት ገጹ ላይ ሙሉ ስሜን፣ የግል ኢሜይሌንና የሞባይል ቁጥሬን ጻፍኩ። ያኔ የሚያዩት አማካሪዬና ፈታኞቼ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጥናቱ በኦንላይን ማኅደር ለማንም ክፍት ነው፤ ስሜን ጉግል ላይ የፈለገ ሁሉ ያገኘዋል። በዚያው አድራሻ የጻፍኳቸው ኮዶችም ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አሉ። ባለፈው ወር ደግሞ የድሮ ፓስወርዴን ጠቅሶ ‹ገንዘብ ካልላክሽ ቪዲዮሽን እበትናለሁ› የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ማኅደሩን ስጠይቅ ‹የገባ ሰነድ አንነካም› አሉኝ። አካውንቱን ጨርሼ ልዘጋው ነው። ይህ ይበቃል? ከሁሉም ቦታ ማጥፋትስ ይቻላል?»

መልስ፦

አካውንቱን ገና አይዝጉት። ምክንያቱን ስደርስበት እነግርዎታለሁ፤ ያስቀደምኩት ይህን እያነበቡ እጅዎ ወደዚያ እንዳይሄድ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ማስፈራሪያውን እናንሳ፣ እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነውና። ሰውዬው ቪዲዮ የለውም። ፓስወርዱንም ከጥናትዎ አላገኘውም፤ ፊት ገጽ ላይ ፓስወርድ የሚጽፍ የለም። እጁ ላይ ያለው ከዓመታት በፊት ከተዘረፈ ድረ ገጽ የወጣ ዝርዝር ነው፤ በአንድ በኩል ኢሜይል፣ በሌላው በኩል ፓስወርድ የተደረደረበት፣ መስመሩ በሚሊዮን የሚቆጠር ፋይል። ፕሮግራም ያንን እያነበበ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለሁሉም ይልካል፤ ፓስወርዱን ብቻ በየቦታው እየሰካ። እንዲህ ያለው በፓስወርድ የታጀበ ማጭበርበር በገፍ የታየው ከ2018 ጀምሮ ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አይመልሱለት፣ አይክፈሉ። ደብዳቤውን ግን አይሰርዙት፤ ለፖሊስ ማመልከት ቢያምርዎት ማስረጃዎ እሱ ነው።

ፓስወርዱ ከየት እንደወጣ ለማጣራት ትሮይ ሃንት የተባለ አውስትራሊያዊ የደኅንነት ባለሙያ በ2013 የከፈተው «ሃቭ አይ ቢን ፖንድ» የሚባል አገልግሎት አለ። ኢሜይልዎን ሲያስገቡ በየትኞቹ የታወቁ ዘረፋዎች ውስጥ እንደተገኘ ይነግርዎታል። የተጠቀሰው ፓስወርድ አሁንም የሆነ ቦታ የሚሠራ ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ፓስወርድ ይቀየራል። ፈተናው የማይቀየረው ላይ ነው።

ሰዎች ኢሜይላቸውን ማኅደር ላይ ሲያገኙት ገመናቸው የተገለጠ ያህል ይደነግጣሉ። ኢሜይል ግን ከመነሻው ለሰው የሚሰጥ ነገር ነው። ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 የተጠቃሚውን ስም ከማሽኑ ስም በአት ምልክት ለይቶ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር መልእክት ሲልክ፣ ያቺ አድራሻ የተሠራችው ሰው እንዲደርስባት ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው ከሌላ ጠባይዋ ነው። ስም የጋራ ነው፤ በእርስዎ ስም የሚጠራ ስንት ሰው አለ። የኢሜይል አድራሻ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፣ ዓመት ቢያልፍም ያው ነው። ስለዚህ ተበታትነው የተቀመጡ ጉዳዮችዎን እንደ መቁጠሪያ ክር አንድ ላይ ይሰካቸዋል። የእርስዎን ነገር እኔ የማየው በዚህ መነጽር ነው፤ ክሩን ከየቦታው ለማጥፋት ከመሯሯጥ፣ የተሰካበትን ዶቃ አንድ በአንድ ማውጣት።

ራስዎ ይሞክሩት። በብራውዘርዎ የግል መስኮት ከፍተው አድራሻውን በሙሉ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተው ይፈልጉት። የጥናቱ ፊት ገጽ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የትምህርት ክፍል፣ የአማካሪ ስምና ዓመተ ምሕረት ይሰጣል። ከዓመተ ምሕረቱ ዕድሜዎን መገመት ቀላል ነው። ጊትሃብ ላይ ያለው እያንዳንዱ ኮሚት (በኮዱ ላይ የተደረገ አንድ ለውጥ መዝገብ) ደግሞ ኢሜይልዎን ብቻ ሳይሆን የተጻፈበትን ሰዓት፣ ያ ኮምፒውተር ከነበረበት የሰዓት ሰቅ ጋር ይዟል። የአንድ ዓመት ኮሚት የደረደረ ሰው መቼ እንደሚተኙ፣ መቼ ወደ ሌላ የሰዓት ሰቅ እንደሄዱ ያነባል። ስለላ አያስፈልገውም፤ ሁሉም በሕጋዊ መንገድ ክፍት የሆነ ገጽ ነው።

ኢሜይሉ በግልጽ ባይታይም ክሩ የማይቆረጥበት ጊዜ አለ። ግራቫታር የሚባለውን የመገለጫ ፎቶ አገልግሎት ይውሰዱ። ፎቶውን የሚጠራው ሊንክ ውስጥ ኢሜይሉ የለም፤ በስሌት የተፈጨ፣ ሃሽ የሚባል የቁጥርና የፊደል ድርድር ብቻ ነው ያለው። ግን ያንን ስሌት ማንም ሊሠራው ይችላል፤ የታወቁ ስሞችን ከታወቁ የኢሜይል አቅራቢዎች ጋር እያጋጠሙ መፍጨትና ማመሳሰል ነው። በ2020 መረጃው በገፍ መሰብሰብ እንደሚቻል ታየ፤ ከዚያ የወጣው የ167 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሃሽ ሲሆን፣ 114 ሚሊዮን የሚሆነው ተፈትቶ ኢሜይሉ ወጣ። «አድራሻዎን አናሳይም፣ የምናሳየው ሃሽ ነው» ሲልዎት አይመኑት።

እንግዲህ ሥራው። የሚጀመረው ከማኅደሩ ሳይሆን ከራስዎ የገቢ ሳጥን ነው። ያ አድራሻ የስንት አካውንት መግቢያ ነው? የስንቱስ «ፓስወርድ ረሳሁ» ሊንክ ወደዚያ ይሄዳል? ባንክ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ዋናው ኢሜይልዎ ራሱ፤ የገቢ ሳጥኑን «ያረጋግጡ»፣ «እንኳን ደህና መጡ» በሚሉ ቃላት ቢፈትሹ የረሷቸው አካውንቶች ይወጣሉ። አንድ በአንድ ማንም ወደማያውቀው አዲስ አድራሻ ያዛውሯቸው፤ ድሮው ላይ ደግሞ አዲስ ፓስወርድና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያድርጉበት። ማረጋገጫው በኤስኤምኤስ ባይሆን ይመረጣል፣ ቁጥርዎም እዚያው ፊት ገጽ ላይ ነውና።

ይህን ሲጨርሱ ፊት ገጹ ላይ ያለው አድራሻ ምንም የማይከፍት ቁልፍ ይሆናል። ለእኔ ከጠቅላላው ሥራ ግማሹ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል። ማኅደሮች ጋ ወር ሙሉ ሲጻጻፉ ቆይተው ይህን ያልሠሩ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ።

እግረ መንገዴን የድሮ የሥራ ኢሜይል ካለዎት ልብ ይበሉ። ቀድሞ የሠራሁበት አንድ ትንሽ ድርጅት ተዘጋና የዶሜን ስሙን (በኢሜይል አድራሻ ላይ ከአት ምልክቱ በኋላ የሚመጣውን ስም) ሳያድስ ቀረ። የማናውቀው ሰው ገዛው። ዶሜን የገዛ ሰው በዚያ ስም የሚመጣ ማንኛውም ኢሜይል ወደ እሱ እንዲገባ ማድረግ ይችላል። የኛ አድራሻዎች ደግሞ በየሰነዱ፣ በየማኅደሩ ታትመው ነበር፤ ዝርዝሩን ማንም ይሠራዋል። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ስለ ጉዳዩ ያወቀው ያልጠየቀው የፓስወርድ ቅየራ በአንድ አካውንቱ ላይ ሲፈጸም ነው። ትልልቆቹም ቢሆኑ፣ ያሁ በ2013 ከአንድ ዓመት በላይ ያልተከፈቱ አድራሻዎችን መልሶ ለአዲስ ሰው መስጠት ጀምሮ ነበር። የተተወ አድራሻ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል ብሎ ማሰብ አይበጅም።

አሁን ወደ «አንነካም»። እኔም ለዓመታት የአንድ ተቋም ዲጂታል ማኅደር ላይ ሠርቻለሁ፤ ይህን መልስ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፣ ስለዚህ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አንድ ሰው ገጽ 47ን ጠቅሶ ጽፏል እንበል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላው መጥቶ ሲያይ ገጽ 47 ላይ ያው ነገር ሊኖር ይገባል። ደራሲው በተጸጸተ ቁጥር ሰነድ የሚቀይር ማኅደር ማኅደር አይባልም። ውጤቴ አሳፈረኝና ይውጣልኝ የሚል አለ፣ ሠንጠረዡን ላስተካክል የሚል አለ፣ ጥናቱ የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ቶሎ ይጥፋልኝ የሚልም አጋጥሞኛል። ለሁሉም አንድ መልስ መስጠት ይቀላል።

ነገር ግን ጥናትዎን የጠቀሰ አንድም ሰው የሞባይል ቁጥርዎን አልጠቀሰም። ማኅደሩ የሚጠብቀው የጥናቱን ቃል ነው፤ ቁጥሩና ኢሜይሉ የዚያ አካል አይደሉም። ሌሎችም ማኅደሮች ለይተው ይሠራሉ። አርካይቭ የተባለው የሳይንስ ጽሑፎች ማኅደር አንዴ የታወጀን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ አያወጣም፤ ደራሲው ቢያነሳው እንኳ የቀደመው ቅጂ ይቆያል። የአስገቢውን ኢሜይል ግን ለተመዘገበ ተጠቃሚ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሌላም አለ። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያ በ2001 መጨረሻ ሲከስር የአሜሪካ ፌዴራል የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የሠራተኞቹን ኢሜይል ለምርመራ ሰብስቦ በ2003 ለሕዝብ ለቀቀው። የሚስት ደብዳቤ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ሁሉም አብሮ ወጣ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በኩል ለተመራማሪዎች የቀረበው ቅጂ የ150 ያህል ሰዎችን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ መልእክት ይዟል። በዓለም ላይ በብዛት ከተጠኑት የኢሜይል ስብስቦች አንዱ ነው፤ ሆኖም ሰዎቹ ራሳቸው ሲጠይቁ የተወሰኑ መልእክቶች ወጥተውላቸዋል። ምርምሩም አልቆመም።

ስለዚህ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፉ፣ አጻጻፉን ግን ይቀይሩ። ወደ እኔ ይመጡ ከነበሩት ደብዳቤዎች ሳልመልስ የማሳድራቸው «መረጃዬን በሙሉ በአስቸኳይ አጥፉ፣ አለበለዚያ ክስ» የሚሉት ነበሩ። የቱን መረጃ? የትኛው ገጽ ላይ? ሠራተኛው ሊያገኘው ሰዓት የሚፈጅበት ሥራ ወደ ኋላ ይገፋል። የተሳካላቸው ደግሞ እንደዚህ ያሉት ነበሩ፦

«የጥናቴ ቋሚ ሊንክ ይኸው። የፒዲኤፉ 1ኛ ገጽ ላይ፣ ከስሜ በታች 2ኛውና 3ኛው መስመር የግል ስልኬና ኢሜይሌ ናቸው። የጥናቱ ይዘት፣ ርዕሱ፣ ስሜና የገጽ ቁጥሩ እንዳለ እንዲቆይ እፈልጋለሁ። የምጠይቀው እነዚህ ሁለት መስመሮች የወጡበት ፒዲኤፍ እንዲተካ ብቻ ነው፤ የተስተካከለውን ፋይል አያይዣለሁ። በመግለጫው ላይ ‹የግል አድራሻ በደራሲዋ ጥያቄ ወጥቷል› ተብሎ ቢጻፍ ተቃውሞ የለኝም።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ በሩን የምትከፍተው ግን እሷ ናት። ማኅደረኛ የሚፈራው ለውጡን ሳይሆን በድብቅ የተደረገ ለውጥን ነው። ደብዳቤውን በተቋሙ የግል መቀበያ ይላኩት፣ ለሁሉም በሚታይ የአስተያየት ቦታ ላይ አይጻፉት። አንድ ጊዜ «ይህ ኢሜይሌ ይጥፋልኝ» ብሎ ኢሜይሉን ከነስልኩ ለሕዝብ በሚታይ ቦታ የጻፈ ሰው ገጥሞኛል። ጥያቄው ራሱ ማኅደር ገባ፤ ሁለተኛ ጥያቄ ማቅረብ ነበረበት።

የሚያያይዙት ፋይል ላይ ይጠንቀቁ። ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሣጥን መሳል ማጥፋት አይደለም። ከሣጥኑ ሥር ጽሑፉ እንዳለ አለ፤ በማውስ ጎትቶ፣ ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ የለጠፈው ያነበዋል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ ለውጡን ከድሮው ፋይል ጫፍ ላይ ይጨምሩታል እንጂ የቀድሞውን አይፍቁትም፤ የሚያውቅ ሰው መልሶ ያወጣዋል። የዎርድ ፋይሉ ካለዎት ከእሱ ላይ መስመሮቹን አጥፍተው አዲስ ፒዲኤፍ ያውጡ። ከዚያ የፋይሉን ባሕርያት ከፍተው የደራሲ ቦታው ላይ ኢሜይልዎ እንዳልተቀመጠ ይዩ። በመጨረሻም አዲሱን ፋይል ከፍተው የስልክዎን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ይፈልጉበት። ባዶ ከመጣ ደህና ነው።

ማኅደሩ እሺ ካለም አንድ ነገር ያስታውሷቸው፣ እኛም እንረሳው ነበር። ዲስፔስን የመሰሉ የማኅደር ሶፍትዌሮች ፒዲኤፍ ሲገባላቸው ከእሱ ሁለት ልጆች ይወልዳሉ፤ አንዱ ለፍለጋ እንዲመች ጽሑፉ ተነቅሎ የሚቀመጥበት ፋይል፣ ሌላው የፊት ገጹ ትንሽ ምስል ነው። እናት ፋይሉ ተተክቶ ልጆቹ ሲቀሩ ስልክዎ ከጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ ሆኖ እንደገና ፍለጋ ላይ ይወጣል። በዚያ ላይ ከየማኅደሩ የሚለቅሙ ሰብሳቢዎች አሉ፤ ኮር የተባለው አንዱ ነው። ማኅደሮች መግለጫቸውን ለእነዚህ የሚያቀብሉበት የጋራ ደንብ ከ2001 ጀምሮ ያለ ነው፣ የለቀመው ደግሞ ፒዲኤፉንም ሊይዝ ይችላል። ለእነሱም ያው ደብዳቤ፣ ከተተካው ሊንክ ጋር።

ሕግስ? ማኅደሩ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆነ ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ጂዲፒአር የሚባለው የኅብረቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይገዛዋል። አንቀጽ 17 መረጃ እንዲጠፋ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ተቋሙ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት፣ ጉዳዩ ከከበደ ሁለት ወር መጨመር ይችላል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ለሕዝብ ጥቅም የሚያዝ ማኅደር ከለላ አለው፤ «አንነካም» ያሉዎት ሰዎች የሚጠቅሱት ይህን ይሆናል። ከለላው የሚሠራው ግን ማጥፋቱ የማኅደሩን ዓላማ የሚያሰናክል ወይም ክፉኛ የሚጎዳ ሲሆን ነው። ሁለት የስልክና የኢሜይል መስመር ቢወጣ የትኛው ዓላማ ይሰናከላል? አንቀጽ 89ም ማኅደሮች ከሚያስፈልጋቸው በላይ የግል መረጃ እንዳይዙ ጥንቃቄ ያዛቸዋል። ይህን በሁለት መስመር ይጥቀሱላቸው፤ በቁጣ ሳይሆን እግረ መንገድ። ማኅደሩ ከኅብረቱ ውጭ ከሆነ የዚያን አገር የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይፈልጉ፤ አሠራሩ በብዙ ቦታ ይመሳሰላል።

ምንጩ ሲስተካከል ወደ ጉግል ይሂዱ፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ምንጩ ሳይነካ ከጉግል ቢያስወጡ ሌላው መፈለጊያ ያገኘዋል። ምንጩ ተስተካክሎ ፍለጋው ላይ የድሮው ቅንጫቢ ከቀረ፣ ጊዜው ያለፈበትን ይዘት የማደሻ ቅጽ አለው፤ ለመጠቀም የገጹ ባለቤት መሆን አያስፈልግም። ማኅደሩ ጨርሶ እምቢ ካለም መንገድ አለ። ከ2022 ጀምሮ ጉግል የግል ስልክ፣ ኢሜይልና የቤት አድራሻ የያዙ ውጤቶች እንዲነሱ ጥያቄ ይቀበላል። ገጹ እዚያው ይቀመጣል፤ መንገዱ ግን ይጠፋል።

ይህ «ገጹ ይቆይ፣ መንገዱ ይጥፋ» የሚለው ሐሳብ በአውሮፓ በፍርድ የጸናው በግንቦት 2014 ነው። አንድ ስፔናዊ በ1998 ስለ ዕዳው ጋዜጣ ላይ የወጣ የሐራጅ ማስታወቂያ ስሙ በተፈለገ ቁጥር እየመጣ ስላስቸገረው ከሰሰ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የጋዜጣውን ማኅደር ሳይነካ ጉግል በስሙ ፍለጋ ላይ ውጤቱን እንዳያሳይ ወሰነ። በ2019 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ግዴታው በመላው ዓለም ያሉ የጉግል ገጾችን ሁሉ እንደማይመለከት አለ። እኔ ይህን መፍትሔ ብዙ ሰው ከሚያከብረው በላይ አከብረዋለሁ። ጥናትዎን የሚፈልግ ተማሪ በርዕሱ ያገኘዋል፤ ስምዎን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ግን ስልክዎ ላይ አይወድቅም።

ቅጂዎቹ ላይ ሐቁን ልንገርዎ፤ ሁሉንም አያገኟቸውም። ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን የሚሰበስበው ኢንተርኔት አርካይቭ የጥናትዎን ገጽ በዌይባክ ማሽን ላይ ይዞት ሊሆን ይችላል። የማስወጫ ጥያቄ በኢሜይል ይቀበላሉ፣ ውሳኔው የእነሱ ነው፤ የተወሰነ ሊንክ ጠቅሶ ምክንያቱን በጨዋነት የጻፈ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ኮመን ክሮል የተባለው ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ድሩን በጅምላ እየሰበሰበ ለማንም ይሰጣል፤ የወረደ ቅጂ የት የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከእንዲህ ያለ ጅምላ ጽሑፍ የሚማሩ የቋንቋ ሞዴሎች፣ ማለትም ጽሑፍ የሚያመነጩ ፕሮግራሞችም አሉ። በ2020 ተመራማሪዎች ጂፒቲ-2 ከተባለው ሞዴል የአንድ ሰው ስም፣ ኢሜይልና ስልክ ቃል በቃል ማስወጣት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ በሥልጠናው ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ሰነድ ላይ ብቻ የተገኘ ነገር እንኳ ሊወጣ ችሏል። «ሮቦትስ» የሚባለው ፋይል፣ ድረ ገጾች ለሰብሳቢ ፕሮግራሞች «እዚህ አትግቡ» የሚሉበት፣ በ1994 የተጀመረ የጨዋ ደንብ ነው፤ በ2022 በመደበኛ ሰነድ ቢጸድቅም የሚያከብረው ያው ጨዋው ብቻ ነው። ለዚህ ነው የገቢ ሳጥንዎን ሥራ ያስቀደምኩት። ያላገኙት ቅጂ ላይ ያለው አድራሻ ምንም የማይከፍት ከሆነ ቢቀርም ይቅር።

ኮዱ ላይ ነገሩ ይጠናል። ጊትሃብ ኢሜይልዎን በገጹ ላይ አያሳይ ይሆናል፤ የኮሚቱ ሊንክ መጨረሻ ላይ ነጥብ አድርገው «ፓች» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ቢጨምሩ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ስምዎ ከነኢሜይሉ ቁጭ ብሎ ያገኙታል። ጊትሃብ የቆመበት፣ ጊት የሚባለው የኮድ ታሪክ መመዝገቢያ የተሠራው እንዲህ ነው፤ የእያንዳንዱ ኮሚት መታወቂያ ከይዘቱ ይሰላል፣ የጸሐፊው ኢሜይል የይዘቱ አካል ነው፣ ቀጣዩ ኮሚት ደግሞ የቀዳሚውን መታወቂያ ይይዛል። አንዱን ኢሜይል ከቀየሩ ከእሱ በኋላ ያለው ሰንሰለት ሁሉ መታወቂያው ይለወጣል። የራስዎ ብቻ በሆነ፣ ማንም ባልቀዳው ፕሮጀክት ላይ ታሪኩን እንደ አዲስ ማስጻፍ ይቻላል። ሌሎች የሚሠሩበት ፕሮጀክት ላይ ግን አይጠይቁ፤ እምቢ ይሉዎታል፣ እውነት አላቸው። እዚያ የሚደረገው የወደፊቱን መዝጋት ነው። ጊትሃብ በኢሜይልዎ ምትክ የሚሰጠውን መልስ የማይቀበል አድራሻ በቅንብሩ ይምረጡ፤ ከእሱ ሥር ያለውን፣ እውነተኛ ኢሜይልዎን የያዘ ኮሚት ሲላክ የሚያግደውንም አብረው ያብሩት።

ከእንግዲህ በሕትመት ላይ የሚያወጡት አድራሻ ከሕይወትዎ ጋር ያልተሰፋ ይሁን። ተመራማሪ ከሆኑ በ2012 የተጀመረው ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር አለ፤ ኢሜይል እዚያ ውስጥ እርስዎ ካልከፈቱት በቀር ለሌላ አይታይም። መጽሔት የግድ ኢሜይል ሲጠይቅ ለዚያ ብቻ የሚውል፣ ሲበዛበት የሚጣል ተለዋጭ አድራሻ ይስጡ፤ አፕል፣ ፋየርፎክስና ፕሮቶን እንዲህ ያለ አገልግሎት አላቸው። በስምዎና በአት ምልክቱ መካከል የመደመር ምልክትና ቃል የመጨመሩ ዘዴ ፖስታ ለመለየት ጥሩ ነው፣ ለመደበቅ ግን አይሆንም፤ ከመደመሩ ወዲህ ያለውን መቁረጥ ለፕሮግራም አንድ መስመር ሥራ ነው።

«አት» እና «ነጥብ» ብሎ በፊደል መጻፍስ ይረዳል ወይ ይሉኝ ይሆናል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2002 ባደረገው ሙከራ ቻት ላይ የወጣ አንድ አዲስ አድራሻ የመጀመሪያውን ስፓም (ያልተጠየቀ የጅምላ ኢሜይል) የተቀበለው በ8 ደቂቃ ውስጥ ነበር። በ2003 በሌላ ድርጅት የተደረገ ጥናት ደግሞ ከደረሰው ስፓም 97 በመቶ በላይ የሚሆነው ድረ ገጽ ላይ በግልጽ ወደተጻፉ አድራሻዎች የሄደ ሆኖ አገኘው፤ በፊደል የተሸፋፈኑት ያኔ አንድም አልደረሳቸውም። ዛሬ ያንን የሚፈታ ፕሮግራም መጻፍ የልጅ ሥራ ነው። ሰነፉን ለቃሚ ያስመልጣል፤ እርስዎን ነጥሎ የሚፈልግን ሰው አያግድም። ይጠቀሙበት፣ አይመኩበት።

ስልኩን ቸል እንዳይሉት። ከኢሜይሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ኢሜይል በነፃ ይቀየራል፤ ቁጥር ግን ከባንክ፣ ከመልእክት መላኪያዎች፣ ከዘመድ አዝማድ ጋር የተጋመደ ነው። አጭበርባሪ የቴሌኮም ሠራተኛን አታልሎ ቁጥርዎን በራሱ ሲም ላይ ቢያስወጣ በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ሁሉ የእሱ ነው። ቁጥሩ አሁንም የሚጠቀሙበት ከሆነ ሲም እንዳይቀየር የሚከለክል የሚስጥር ቁጥር እንዲያኖሩበት ኩባንያዎን ይጠይቁ። ለማኅደሩ በሚጽፉት ደብዳቤም ስልኩን ከኢሜይሉ በፊት ይጥቀሱ፤ «ሁለቱንም አንችልም» ካሉ በስልኩ ይጽኑ።

አሁን አካውንቱን ለምን አይዝጉት እንዳልኩ። ለማኅደሩም፣ ለሰብሳቢዎቹም፣ ለኢንተርኔት አርካይቭም ሲጽፉ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ባለቤቷ አንቺ መሆንሽን በምን እናውቃለን?» ነው። አንዳንዱ የመታወቂያ ኮፒ ይጠይቃል፤ ስልክና ኢሜይል ለማስወጣት ብሎ ፓስፖርት ለማያውቁት ሰው መላክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያው ፊት ገጹ ላይ ካለው አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ግን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ጊትሃብም ላይ ኮሚቶቹ የእርስዎ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው በዚያ አድራሻ የሚደርስዎት ሊንክ ነው። ስለዚህ አካውንቶችዎን ያዛውሩ፣ ፓስወርዱን ይቀይሩ፣ የሚገባውን ኢሜይል ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ ያድርጉት፣ ደብዳቤዎቹንም ከእሱ ይላኩ። ቢያንስ አንድ ዓመት እያስገቡ የሚመጣውን ይመልከቱ፤ የረሱት አካውንት ሲጽፍልዎ እዚያ ነው የሚያዩት። የመጨረሻው መልስ መጥቶ ፍለጋውን ደግመው አይተው ከረኩ በኋላ እንኳ፣ አቅራቢው አድራሻውን ለሌላ ሰው እንደማይሰጥ ሳያረጋግጡ አይዝጉት።